የእናታችሁን ዓይን የምትሠራዋ ነርስ ወረቀቷ ምን ይመሰክራል?



ከቆቦና ከራያ ቆላ ልጆች ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ እናቴ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ገብቶ ዓይኗን እየወጋት ነው። እዚያው ቆቦ ላሠራት ወይስ አዲስ አበባ ላምጣት? የሚሠራት ሐኪም ሳይሆን ነርስ ነው አሉኝ፤ ፈራሁ።» ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ከተማ ወይም ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ናቸው። ብር ለመላክ ዝግጁ ናቸው፤ የቸገራቸው ማንን እንደሚያምኑ ነው።

አጭሩ መልሴ፦ አብሽሩ፣ እዚያው አሠሯት። ነርስ መሆኗ አያስፈራችሁ። ረጅሙን መልስ ስጽፍ ግን ትንሽ እቆጣለሁ፤ ልትጠይቁበት የሚገባው ነገር ሌላ ነውና። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። ነርሷ «ይህን ቀዶ ሕክምና መሥራት ትችያለሽ» ተብላ ስለተሰጣት ወረቀት።

በቅድሚያ በሽታውን ለማታውቁት። የዓይን ማዝ፣ እኛ ትራኮማ የምንለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት፣ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢይዝ ባልከፋ። ልጅነትን ሙሉ እየተመላለሰ ሲይዝ ግን የዓይን ቆብ ውስጠኛው ገጽ ላይ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ዞሮ፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን የሚሸፍነውን መስታወት መሰል ክፍል ይፍቃል። ይሄን ደረጃ ትራኪያሲስ እንለዋለን። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ከደፈረሰ በኋላ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ልጅ ታቅፈው፣ የልጅ ፊት እየጠረጉ የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

እናቶቻችን ለዚህ ያላቸው መፍትሔ ወረንጦ ነው። አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጥሉታል፤ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ልጅ ለእናቷ ትነቅላለች። ለጥቂት ሳምንት ፋታ ይሰጣል። ከዚያ ፀጉሩ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አጭርና ጠንካራ ሆኖ። ነቃይ ልጅ ዓረብ አገር ስትሄድ ደግሞ ማን ይንቀል?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ የዓይን ማዝ ነበረባቸው። በመላ አገሪቱ ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.1 በመቶው ትራኪያሲስ ደረጃ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የክልላችን ሰው «ማልትራ ሳምንት» ሲባል ወረፋ ይዞ ዚትሮማክስ የዋጠበትን ጊዜ አይረሳም። ኪኒኑ ግን ባክቴሪያውን እንጂ የተቀለበሰውን ቆብ አያቃናም። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ዛሬ እናትና አባት ናቸው፤ የያኔዎቹ እናቶች አያት ሆነዋል። ጠባሳው አብሯቸው አለ። የቀረው መፍትሔ ምላጭና ስፌት ነው።

ታዲያ ማን ይቅደድ? የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው ያሉት። ከዞብል ተራራ ወርዳ ቆቦ መድረስ ራሱ የቀን ድካም የሆነባትን እናት «አዲስ አበባ ሂጂ» ማለት «ታወሪ» ማለት ነው። ስለዚህ አገራችን ነርሶችን መርጣ፣ ለጥቂት ሳምንታት ለዚህ ለአንዱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ማሠልጠን ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በዚህ እኮ አዲስ አይደለንም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ላልደረሰበት አገር ጤና መኮንንና የማኅበረሰብ ነርስ ለማፍራት የተቋቋመ ነበር።

«ነርስ ከስፔሻሊስት እኩል ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በእኛው አገር ተፈትሿል። ዶ/ር ወንዱ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው ግማሹን የዓይን ስፔሻሊስቶች፣ ግማሹን ደግሞ ሠልጥነው የወጡ የዓይን ሕክምና ሠራተኞች እንዲሠሯቸው አደረጉ። ፀጉሩ በመመለሱ ረገድ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። እኔም ሐኪም ነኝ፤ «ይሄ የኛ ሥራ ነው» የሚል የሙያ ኩራት እንዳለን አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ኩራቱ መረጃ የለውም።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ግን ጥናቱ ያሳየው በደንብ የሠለጠነ፣ የተገመገመና ክትትል ያለበት እጅ ምን እንደሚሠራ ነው። «ሥልጠና ወስዷል» የተባለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይሠራል አላለም።

ቀዶ ሕክምናው ሲወራ ቀላል ይመስላል። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ይገለበጥና ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በጠርዙ ልክ ይቀደዳል፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ለአንድ ቆብ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ግን ቁርጡ ካጠረ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ፀጉር ተመልሶ ይወጋል። ስፌቱ ከላላ ቆቡ ይመለሳል። ከጠበቀ ደግሞ ከልክ በላይ ይገለበጣል፣ ወይ ጠርዙ ይሰረጎዳል፣ ወይ ዓይኑ ተኝታም አይከደንም። በራያ አቧራና ነፋስ የማይከደን ዓይን ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

በክልላችን በ1000 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ሁለት የአሠራር ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር። ከ12 ወር በኋላ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በአንደኛው ዘዴ 13 በመቶ፣ በሁለተኛው 22 በመቶ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ይሄ ሠሪዎቹ ተመርጠው፣ እያንዳንዱ ዓይን ዓመት ሙሉ እየተከታተሉት ነው። ማንም በማይቆጥርበት ቦታ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ አልተቆጠረምና።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የትራኪያሲስ ቀዶ ሠሪዎች የመጨረሻ ግምገማ መመሪያ አወጣ፤ በኋላም ከሥልጠናው መመሪያ ጋር አንድ ላይ አድርጎ አሳተመው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ለሥልጠና የሚላከው ሰው ራሱ ይመረመራል። ቅርብ ያለ ነገር ጥርት አድርጎ ያያል ወይ? እጁ አይንቀጠቀጥም ወይ? መርፌ መውጋትና መስፋት ይችላል ወይ? ከዚያ ይሠለጥናል፤ አሁን አሁን በሰው ዓይን ከመጀመሩ በፊት ቆቡ ተቀያያሪ በሆነ አሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ይለማመዳል። በመጨረሻ ገምጋሚ አጠገቡ ቆሞ ሲሠራ ያየዋል፤ ከእጅ መታጠብ እስከ መጨረሻው ስፌት እያንዳንዱን እርምጃ ይመዝናል። ያለፈ ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፤ ያላለፈ ተመልሶ ይለማመዳል። ሥልጠናውን መጨረስና የምስክር ወረቀት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን ሁለቱ ይምታታሉ። በእጄ ገብተው ካየኋቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ሎጎ የበዛባቸው፣ ማኅተማቸው ያማረ፣ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በተሰጠው ሥልጠና ተሳትፈዋል» የሚሉ ናቸው። ተሳትፈዋል! ሠርግም እንሳተፋለን። ስንት ቆብ በገምጋሚ ፊት እንደሠራች፣ ማን እንዳያት፣ የት ላይ እንደደከመች፣ ወረቀቱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚናገር ነገር የለበትም።

ደግሞ የአበሉ ነገር አለ። ሥልጠና ሲመጣ አበል አብሮ ይመጣል። ደመወዟ ከወር የማያደርስ ነርስ አበል ብትፈልግ አልፈርድባትም። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። «ማን ጥሩ እጅ አለው?» ተብሎ ሳይሆን «ዘንድሮ ተራው የማን ነው?» ተብሎ የሚላክበትን ጊዜ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅርብ ለማየት መነጽር የሚያስፈልጋት፣ መነጽሩም የሌላት ነርስ ተልካ ተመልሳ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ። ጥፋቱ የሷ አይደለም። የላኳት ሰዎች ዓይኗን አልመረመሩም፤ ያውም ለዓይን ሥልጠና!

«የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ነርሶችን ጨምሮ አዲስ ተመራቂ የጤና ባለሙያዎችን በአገር አቀፍ ደረጃ ይፈትናል፤ ፈቃድ ሲታደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይጠየቃል። እደግፈዋለሁ። ግን ያ ፈተና ለጠቅላላ ነርስነት ነው፤ ቆብ የሚቀደውን እጅ አያይም። አሜሪካን ብንመለከት የዓይን ነርሶች የራሳቸው የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬት ነበራቸው፤ ተፈትነው ያገኙት፣ በየጊዜውም ያድሱት ነበር። እነዚያ ነርሶች ደግሞ ይህን ቀዶ ሕክምና አይሠሩም፤ ሥራቸው ሐኪሙን ማገዝና ሕሙማንን መንከባከብ ነው። ምላጩን የያዘችው የእኛዋ ናት። ጥብቅ ወረቀት ማን ያስፈልገው ነበር?

በእኛ አገር ይሄ የማይቻል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችን አሠልጥነናል። ሐኪም አይደሉም፣ ግን እናቶችን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ። የማስተርስ ዲግሪ አላቸው፣ በሙያቸው ስም ይጠራሉ፣ በሙያቸው ይመደባሉ። የትራኪያሲስ ነርሷ ግን? ከሥልጠና ተመልሳ ተመላላሽ ክፍል ትመደባለች፣ ወይ ክትባት፣ ወይ ፋርማሲ ሰው ሲጎድል እዚያ። የዓይን ሥራው «ጊዜ ሲኖርሽ» የሚሠራ ተጨማሪ ነው። ደረጃዋ ላይ አይቆጠርም፣ ደመወዟ ላይ አይታይም። ዝውውር ስታገኝ ደግሞ እጇን ይዛ ትሄዳለች፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት የቀዶ ሕክምና ዕቃ ላይኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሰሜን ኢትዮጵያ የወጣ ጥናት ይህንኑ አንስቶት ነበር፦ ከሠለጠኑት ብዙዎቹ ሥራውን ይተዋሉ፣ የቀሩትም የሚሠሩት ጥቂት ነው። ዓመት ሙሉ አምስት ስድስት ቆብ ብቻ የሠራ እጅ ይዝጋል። ወረቀቱ ግን ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው።

በዚህ ላይ የዘመቻው ጥድፊያ አለ። የተጠራቀመውን ሕመምተኛ ለመጨረስ ተብሎ ዘመቻ ሲወጣ የሚጠየቀው «ስንት ሠራችሁ?» ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ይላካል። «ከሠራችሁት ስንቱ ቀና?» የሚለው ጥያቄ ስድስት ወር መጠበቅ ስለሚፈልግ፣ የስድስት ወር ሪፖርት ደግሞ ማንንም ስለማያስጨበጭብ፣ ይቀራል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ስነግረው እንዲህ ብሎ ሞገተኝ፦ «አንተ ወረቀቱን ስታጠብቀው ያሉት ጥቂት ነርሶችም ይቀንሳሉ። ከምንም መጥፎ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።» ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙ አሰብኩበት። ግን አልተቀበልኩትም። አንደኛ፣ ተበላሽቶ የተሠራ ቆብ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመጠገን ይከብዳል፤ ለዚያ ደግሞ በእውነትም ስፔሻሊስት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የቆላውን ሰው እናውቀዋለን። አንዲት እናት ተሠርታ ፀጉሩ ከተመለሰባት ወሬው በገበያ ቀን ሮቢትም ጎብዬም ይደርሳል። «እሷስ ተቀዳ ምን አተረፈች?» ይባላል። ከዚያ በኋላ አሥር እናቶች ወረንጦአቸውን ይዘው ቤት ይቀራሉ። እነዚያ አሥሩ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገቡም።

ደግሞ ማጥበቅ ማለት ነርሷን ባሕር ዳር ድረስ ጎትቶ መፈተን አይደለም። ገምጋሚው ይምጣ! ዓመት ጠብቆ ሁለት ቀን ቆቦ ይቀመጥ፤ አጠገቧ ቆሞ ስትሠራ ይያት። ከሁሉም በላይ ከስድስት ወር በፊት የሠራቻቸውን እናቶች በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ያስጠራና ቆባቸውን ገልጦ ይመልከት። የነርሷ እውነተኛ ሰርተፊኬት እናቶቹ ፊት ላይ ነው ያለው። የቀና ከሆነ ወረቀቱ ይታደስ፤ ካልሆነ የት ላይ እንደሳተች ይታያት፣ አሻንጉሊቱ ላይ ትለማመድ፣ ከዚያ ተመልሳ ትሥራ። ማባረር አያስፈልግም። የታደሰላት ደግሞ በሙያ ፈቃዷ ላይ ይጻፍላት፣ በደረጃዋ ይቆጠርላት፣ ስትዛወር ሙያዋ ወደሚያስፈልግበት ትዛወር። ግዴታውን አጥብቀን ጥቅሙን ካልሰጠናት፣ ባልደረባዬ የፈራው በእርግጥም ይደርሳል።

ለዚህ ሁሉ መዝገብ ይፈልጋል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ዓይን፣ በማን እጅ ተሠራ? ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ የጤና ተቋማቱ እንዴት እንደተዘረፉና እንደወደሙ አይታችኋል። መዝገብ አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ አንድ ቀን ይበቃዋል። ቅጂው ወረዳም ዞንም ቢኖር ክፋት የለውም። ለታካሚዋም ትንሽ ካርድ ይሰጣት፤ እናቶቻችን የልጃቸውን የክትባት ካርድ ዓመታት ጠብቀው ያቆያሉ፣ የራሳቸውንም አይጥሉም።

እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እናታችሁን ወይም አባታችሁን ስትወስዱ ነርሷን በአክብሮት ጠይቋት። «እህቴ፣ ይህን ሥራ በቅርቡ ሠርተሻል? በዚህ ወር ስንት ሰው ሠራሽ? ከሥልጠናው በኋላ ስትሠሪ መጥቶ ያየሽ ሰው አለ? ብትመለስብን ማንን እናገኛለን?» በሉ። ጥሩ ነርስ በዚህ ጥያቄ አትቆጣም። እኔ የማውቃቸው ጎበዞቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል፤ ሥራቸውን የሚጠይቅላቸው ሰው አጥተው ነው የኖሩት። «ቆይ አሁን ብዙም አልሠራሁም፣ የዘመቻው ቡድን ሲመጣ ይሻላል» ካለቻችሁ ደግሞ አመስግናችሁ ጠብቁ፤ ሐቀኛ ናት። በጥበቃው ጊዜ መስታወቱ እንዳይፋቅ ፀጉሩን ንጹሕ ወረንጦ ባለው፣ ዓይኑ በሚያይ ሰው አስነቅሉላት። ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት ወይም ነጭ ነገር ከታየባት ግን መጠበቅ የለም፤ ያኑ ቀን ወልድያም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ።

ከተሠራች በኋላ በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶ መታየት አለባት። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ትመለሳለች፤ ክሩ የማይሟሟ ዓይነት ከሆነ የሚወጣው ያኔ ነው። ቀጥሎ ከ3 እስከ 6 ወር። ብዙ ሰው የሚቀረው ይሄኛው ላይ ነው፤ ሕመሙ ስለተወ «ዳንኩ» ይላል። ፀጉር መመለስ የሚጀምረው ግን በዚሁ ጊዜ ነው፤ ቶሎ ከታየ ማስተካከሉ ይቀላል። ከቀዶው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ዚትሮማክስ እንዳለም ጠይቁ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት የፀጉሩን መመለስ በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ቀጠሮ ስትይዙ የማሽላውን አጨዳና የውቂያውን ጊዜ አስቡ። በውቂያ ሰሞን ገለባና አቧራ ላይ ለሚውል ሰው ያልዳነ ስፌት አይመከርም፤ ሥራ ጥላ ደግሞ ለቀጠሮ አትመለስም። ከአጨዳ በፊት ሁለት ሳምንት ካላችሁ ያን ያዙ፤ ከሌላችሁ ምርቱ ጎተራ ይግባና በማግስቱ ውሰዷት። ዓረብ አገር ያላችሁ ደግሞ ለአዲስ አበባ መኪና ያሰባችሁትን ብር ለእነዚህ ሦስት ቀጠሮዎች መሄጃና ለአንድ ሰው አጃቢ አድርጉት።